«ኬላ ልታቆምብን ነው?»

ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። የአጎቴ ልጅ በባጃጁ ጭኖ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። በግንቦት 2016 የተመረቀውን ማለቴ ነው። 380 ሜትር ይረዝማል። ባንዴ ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ለብስክሌትና ለእግረኛም የየራሳቸው መሄጃ አላቸው። ከታች ዓባይ ከጣና ገና መውጣቱ ነውና ረጋ ብሎ ይሄዳል። መሀል ላይ ስንደርስ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ክፍያው ስንት ነው?»

«የምን ክፍያ?»

«የድልድዩ።»

ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። «ጋሼ፣ ኬላ ልታቆምብን ነው እንዴ?»

አፈርኩ። ግን ምን ላድርግ፣ የአሜሪካዋ ሲያትል ኑሮ ያስለመደኝ ነገር ነው። እኛ ጋ አዲስና ሰፊ ድልድይ ሳይ እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይሄዳል።

እኔ የምኖረው ከሲያትል ደቡብ ነው። ብዙ ሐበሻ ያለው እዚያ አካባቢ ነው። ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሐይቁ ማዶ ቤልቪው በኩል ነው። መሀል ላይ ዋሽንግተን የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ከታች ያለው አፈርም ለስላሳ ስለሆነ እንደ ዓባዩ ምሰሶ ተክለው ድልድይ መሥራት አልተመቻቸውም። ስለዚህ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ትልልቅ የኮንክሪት ሣጥኖች ውሃ ላይ አንሳፍፈው መንገዱን በላያቸው ዘረጉት። 520 የሚባለው ይህ ድልድይ ነው። ተንሳፋፊው ክፍል ከ2,300 ሜትር በላይ ይረዝማል። በዓለም ረጅሙ ተንሳፋፊ ድልድይ ይሉታል። መጀመሪያ እንደመጣሁ ማዕበል ባለበት ቀን ስሻገር ውዳሴ ማርያም ደግሜበታለሁ።

የዚህ ድልድይ የክፍያ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። የመጀመሪያው በ1963 (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአሜሪካውን ሁሉ በእነሱ ልቁጠረው) ሲከፈት መሻገሪያው 35 ሳንቲም ነበር። ዕዳው ተከፍሎ አለቀና በ1979 ክፍያው ተነሣ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነፃ ተሻገሩ። ከዚያ ድልድዩ አረጀ፣ ማዕበልና የመሬት መንቀጥቀጥ አይችልም ተባለ። አዲስ ይሠራ ሲባል ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በ2011 መጨረሻ ክፍያው ተመለሰ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ አዲሱ ድልድይ የተከፈተው በ2016 ነው። ገና ላልተሠራው ድልድይ በአሮጌው ላይ አራት ዓመት ከፈልን ማለት ነው። ጠዋትና ማታ ሰው ሥራ ሲገባና ሲወጣ ዋጋው ይጨምራል፣ ሌሊት ይቀንሳል። ያኔ ሲጀመር ጭንቅ ባለው ሰዓት ፓስ (መኪናው ላይ የሚለጠፍ፣ ክፍያውን በራሱ የሚቆርጥ ምልክት) ላለው 3 ዶላር ከ50 ነበር፤ ፓስ ለሌለው ደግሞ 5 ዶላር።

የሚያስቆምህ ሰው የለም። በር የለም፣ ገመድ የለም። ካሜራ ታርጋህን ያነሣና ሒሳቡ በፖስታ እቤትህ ድረስ ይመጣል። ቤት ቀይረህ አድራሻ ያላስተካከልክ እንደሆነ ግን ጉድ ፈላ። እኔ ያንን ሞኝነት ሠርቻለሁ። የጥቂት ዶላር መሻገሪያ ከነቅጣቱ የአንድ ሳምንት የአስቤዛ ገንዘብ ሆኖ አገኘኝ። ጥፋቱ የራሴ ስለነበር ዋጥ አድርጌ ከፈልኩ።

ታዲያ ክፍያው ሲመጣ ሁሉም አልከፈለም። ከ520 በስተደቡብ ሌላ ድልድይ አለ፤ 90 ይባላል፣ ነፃ ነው። ዶላሯን ማውጣት ያልፈለገ ወደዚያ ዞረ። መንገዱ ቢጨናነቅም፣ ቢረዝምም፣ ያሻግራል። ከእኛ ልጆች ስንቱ ነው ጠዋት ስልኩን ከፍቶ «ዛሬ በ90 ነው በ520?» እያለ ጊዜውንና ኪሱን የሚያመዛዝን! በታክሲ ሥራ ላይ ያለው በ520 ይሄዳል፣ ሒሳቡን ተሳፋሪው ይችላልና። ጽዳት ሥራ የምትገባዋ እናት ግማሽ ሰዓት ቀድማ ተነሥታ በ90 ትሄዳለች።

ይህ ነገር እኛም አገር አለ። አዲስ አበባ – አዳማ የፍጥነት መንገድ ያው አይደል? በ2007 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሆነው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ስትገባ ካርድ ትቀበላለህ፣ ስትወጣ በመኪናህ ዓይነትና በሄድክበት ርቀት ትከፍላለህ። መክፈል ያልፈለገ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ አድርጎ በድሮው መንገድ ይሄዳል። ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ አዳማ መድረሱ አይቀርም። መንገዱ ሲከፈት ብዙ ያጉረመረመ ሰው አላየሁም። ለምን ቢሉ፣ ማንም በግድ ክፈል አልተባለም።

ድልድይ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። መንገድ ወንድም አለው። ድልድይ ብዙ ጊዜ አንድያ ልጅ ነው።

ከእኔ ቤት ግማሽ ሰዓት ነድቼ ታኮማ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ላይ ያለው ድልድይ ታሪኩ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው በሐምሌ 1940 ተመርቆ በኅዳር ንፋስ እንደ ነጠላ እያራገበ ገነጣጥሎ ጣለው። ሰው አልሞተም፤ መኪና ውስጥ የቀረ አንድ ምስኪን ውሻ ብቻ ነው አብሮ የወረደው። በ1950 ሁለተኛው ተሠራ፣ ሰዉ እየከፈለ ተሻገረበት፣ በ1965 ዕዳው አለቀና ነፃ ሆነ። ከዚያ መኪናው በዛና ጎኑ ሌላ ይጨመር ተባለ።

በዚህ ጊዜ ነው የግል ባለሀብት የመጣው። የምኖርበት ክፍለ ሀገር፣ ዋሽንግተን፣ በ1993 ሕግ አወጣ፦ ኩባንያዎች በራሳቸው ገንዘብ ይሥሩ፣ ከተሻጋሪው ይሰብስቡ። በ1998 ሕዝቡ አስተያየቱን ተጠየቀ። በጠቅላላው ሲቆጠር «ይሠራ» ያለው በለጠ፤ በየቀኑ የሚሻገሩት፣ ድልድዩ አፍ ላይ ያሉት ሰዎች ግን አብዛኞቹ «አይሆንም» ብለው ነበር። የማይሻገር ሰው በተሻጋሪው ኪስ መቸር አይከብደውም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በመጨረሻ በ2002 ምክር ቤቱ ሐሳቡን ቀየረና ኩባንያው ይበደር ከማለት መንግሥት ራሱ ቦንድ ሸጦ ይበደር አለ። ምክንያቱ የሱቅ ሒሳብ ነው፤ መንግሥት ሲበደር ወለዱ ያንሳል፣ ትርፍም አይፈልግም። የግሉ አጋር ወጣ፣ ክፍያው ግን አልተነሣም። ድልድዩ በ2007 ተከፈተ። የሚያስከፍለው ወደ ታኮማ ስትመጣ ብቻ ነው፤ ስትሄድ ነፃ ነው። (የእኛ ሰው «መሄዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው የሚያስወጣ» ይላል፤ ስለ ድልድዩ ይሁን ስለ አገር ቤት ጉዞ አይታወቅም።)

እዚያ ግን እንደ 90 ያለ ዘወር የሚባልበት የለም። ካልከፈልክ ወሽመጡን በኦሊምፒያ በኩል መዞር ነው፣ እሱ ደግሞ ቀን ይበላል። ክፍያው በፓስ ከ1 ዶላር ከ75 ተነሥቶ 5 ዶላር ከ25 ደረሰ። ነዋሪው «ሌላው የክፍለ ሀገሩ ሰው መንገዱ በግብር ተሠርቶለት፣ እኛ ብቻችንን ለምን?» ብሎ ጮኸ። በ2022 ምክር ቤቱ ከጠቅላላው ካዝና ገንዘብ መደበና ክፍያው ወደ 4 ዶላር ከ50 ወረደ። ጮኸው ሰሚ አገኙ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። እኛም ሕግ አለን። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ይባላል። ኩባንያው ገንዘብ ያመጣል፣ ይሠራል፣ ለተወሰነ ዓመት ያስከፍላል፣ በኋላ ያስረክባል። ወረቀት ላይ ያምራል። መንግሥት ብድር በዛበት፣ ድልድይና መንገድ ያንሰናል፣ ስለዚህ ሐሳቡን የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ያዳማውን ዓይነት አሥር ቢኖረን ደስ ይለኝ ነበር።

የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዶላር ነው። ኩባንያው የሚበደረው በዶላር ነው፣ እኛ የምንከፍለው በብር። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 አለፈ። በዚያ ቀን እንዲህ ያለ ድልድይ ቢኖረን ኖሮ ማን ይክፈለው? ወይ ተሻጋሪው እጥፍ ይከፍላል፣ ወይ መንግሥት ይደጉማል፣ ወይ ኩባንያው ይከስራል። ኩባንያ እንደማይከስር አድርጎ መፈረም ያውቃል።

ሁለተኛው ያ ነፃው መንገድ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሆነውን ስሙ። በ1995 አንድ ኩባንያ በ91 አውራ ጎዳና መሀል የክፍያ መሥመር ሠራ። ውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ መንግሥት በአካባቢው ያለውን ነፃ መንገድ እስከ 2030 ድረስ እንዳያሰፋ የምታስር። ሕዝቡ በነፃው መሥመር ላይ ተጨናንቆ ሲያለቅስ መንግሥት እጁ ታሰረ። ኩባንያውን አትፍረዱበት፤ ነፃው መንገድ ከተመቸ ማን ይከፍለዋል? በመጨረሻ የአውራጃው መጓጓዣ ባለሥልጣን በ2003 መሥመሩን በ207 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገዝቶ አንቀጿን ቀደደ። ለአንዲት አንቀጽ! ቺካጎ ደግሞ በ2005 ስካይዌይ የሚባለውን ከፍ ያለ የክፍያ መንገዷን ለ99 ዓመት አከራየች። የፈረሙት ሰዎች የልጅ ልጆች አርጅተው ይሞታሉ፣ ውሉ ይቀጥላል።

እና የዱከሙ መንገድ አንድ ቀን እንዲህ ባለ ውል ቢታሰርስ? ጥገና ቢከለከልስ? ያዳማው መንገድ የመንግሥት ነውና ይህ አልገጠመንም። ነገ በግል የሚሠራ ቢመጣ ግን እኔ መጀመሪያ የማየው የክፍያውን መጠን አይደለም፤ ስለ አሮጌው መንገድ የተጻፈውን ነው።

የአጎቴ ልጅ ግን እንዲህ ርቆ አልሄደም። ኬላ ሲል ሌላ ነገር ነው የታየው። ከጥንት ጀምሮ ኬላ ማለት ነጋዴ ቆሞ ቀረጥ የሚከፍልበት በር ነው። ከጎንደር ምጥዋ ለመድረስ ስንት ኬላ ይታለፍ ነበር! ዛሬም የጭነት መኪና ሹፌር አነጋግሩት። መንገድ ላይ ገመድ ተወጥሮ፣ «ኮቴ» ተብሎ፣ አንዳንዴ በደረሰኝ አንዳንዴ ያለ ደረሰኝ ይከፍላል። ገመዱ ከኋላው ሲቀር መንገዱ ያው ጉድጓዱ ነው። እንግዲህ ክፍያ ለምደናል። ያልለመድነው ከፍለን የሚሠራ ነገር ማየት ነው። ለዚህ ሰው ቶል (የመንገድና የድልድይ ክፍያ) ብትለው ኬላ ቢመስለው ምን ይገርማል?

ማምሻውን ቤት ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ያንኑ ነገር አነሣው።

«ጋሼ፣ እናንተ ጋ ያ በንፋስ የወደቀው ድልድይ ያለበት ቦታ፣ እስከ መቼ ነው የሚያስከፍሉት?»

«ዕዳው እስኪያልቅ። እስከ 2032 አካባቢ ነው።»

«ከዚያ ነፃ?»

«ነፃ።»

ስኒውን አስቀመጠና ትንሽ አሰበ።

«ብለው ነው ወይስ ጽፈው?»

«ጽፈው። የበፊቱንም በ1965 አንሥተውታል።»

«እሺ፣ እንዲያ ከሆነ እኔም እከፍላለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ፣ «ለባጃጅ ግን ግማሽ ነው መሆን ያለበት» አለ።