ልጆቼ ከቅዳሴ አይወጡም

ሰሞኑን በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የያዛችሁ እናቶች፣ በቅዳሴ ሰዓት አዳራሽ ሆናችሁ በስክሪን እንድትከታተሉ፣ ልጆቹንም ለቁርባን ብቻ እንድታስገቡ» ይላል። ማኅተም አለው፤ ፊርማም አለው። እሑድ ዕለት ደግሞ አንድ ሰባኪ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ ነገሩን አብራራው። «ልጆቹ እንደሆነ ምንም አይገባቸውም፤ የሚያስቀድሰውን ምእመን ግን ይረብሻሉ» አለ። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ልክ ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የአጥቢያውን ስም አልጠራም። ሌላ ቦታ የሚያስቀድሱ ጓደኞቼም ይህንኑ በቃል እንደተነገራቸው አጫውተውኛል። እኛ ጋ ለየት የሚያደርገው ወረቀት ላይ መውጣቱ ብቻ ነው።

የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትልቋ አምስት ዓመት ልትሞላ ነው። ትንሹ ገና አፉን እየፈታ ነው። እሷ በ80፣ እሱ በ40 ቀኑ ተጠምቀው የዚያኑ ዕለት ቆርበዋል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ነው የምጽፈው ብዬ አልዋሽም። ተናድጃለሁ።

«አይገባቸውም» ከሚለው ልጀምር። ከሁሉም ደካማው እሱ ነው።

ለመሆኑ ማን ነው የሚገባው? ቅዳሴው በአብዛኛው በግዕዝ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እሑድ ጠዋት ነጠላውን በመስቀለኛ አጣፍቶ ከቆመው ሰው ውስጥ ዲያቆኑ የሚለውን ቃል በቃል የሚከተለው ስንቱ ነው? ብዙዎቻችን ሌላው ሲሰግድ እንሰግዳለን፤ ሌላው «እግዚኦ» ሲል እንላለን። ልጄም የምታደርገው ይህንኑ ነው። እንደውም እሷ ትሻላለች። ያልገባትን ትጠይቃለች። እኛ ካፈርን ስንት ዓመታችን!

የገባው ብቻ ይቁም ከተባለ እኮ ቤተ መቅደሱ ውስጥ የሚቀሩት ካህናቱና ጥቂት የአብነት ተማሪዎች ናቸው። ሌሎቻችን አዳራሽ ነን። ሰባኪው ይህን አስቦበት ይሆን?

ደግሞ ይህች ቤተ ክርስቲያን መቼ ነው መረዳትን መግቢያ በር ላይ ያስቀመጠችው? የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ዳዊት ይደግማል። አንዱንም አይተረጉመውም። ከዚያ ዜማ ቤት አለ፤ ቅኔ ቤት አለ። ትርጓሜ ቤት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሊቃውንቱ ጆሮና አፍ እንዲቀድም አድርገው ነው ሥርዓቱን የሠሩት። ዛሬ «አይገባቸውም» የሚለን ሰውም በዚያው መንገድ ካለፈ፣ አምስት ዓመቱ ላይ ምን ገብቶት ነበር?

ቤቴ መጥታችሁ ልጄን እዩአት። ፎጣ ትከሻዋ ላይ ትጥላለች። የመታጠቢያ ቤት ጣሳ በገመድ አንጠልጥላ ታጥናለች። ወንድሟን ሕዝብ አድርጋ ታቆመዋለች፤ ካልቆመ ትቆጣዋለች። ማታ «አቡነ ዘበሰማያት» ስንል ግማሹን ትውጠዋለች፤ «አሜን» ላይ ግን ድምፅዋ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ፣ ከጉልበቴ ሥር ቆማ ነው ያየችው። ዕጣኑ ሲመጣ ፊቷን ታቀርባለች። ቃጭሉ ሲሰማ ወንድሟን በጣቷ ዝም ታሰኘዋለች። የትኛው ስክሪን ነው ዕጣን የሚሸተው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የተጠመቀና የቆረበ ሕፃን እንግዳ አይደለም። ወደፊት ሲያድግ አባል የሚሆን ዕጩም አይደለም። ሜሮን ተቀብቷል። ሥጋውንና ደሙን ተቀብሏል። ከእኔ የሚያንስበት ነገር ቁመቱ ብቻ ነው። በኃጢአት ሒሳብ ከገባንማ እኔ ነኝ ከእሱ የማንሰው። ቅዳሴው ውስጥ ማን እንደሚወጣ የሚናገር ቃል ድሮም አለ። ዲያቆኑ «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ይላል። የሚወጡት ገና ያልተጠመቁት፣ በትምህርት ላይ ያሉት ናቸው። ሕፃናት ይውጡ አይልም። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ሕፃን እንደሚያለቅስ አያውቁም ነበር? በነሱ ዘመን ሕፃን አያለቅስም ነበር? ያውቁ ነበር። አውቀውም አላስወጡትም። የእኛ ሰበካ ጉባኤ ግን በአንድ ስብሰባ አስወጣው።

ይባስ ብሎ «ለቁርባን ብቻ ይግቡ» ይላል። የሚቆርብ ሰው ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይከታተል፣ አርፍዶ መጥቶ አይቁረብ እየተባልን ነው ያደግነው። ታዲያ ለልጅ ሲሆን ይህ ትምህርት የት ገባ? ልጄ ሰርግ ቤት ውጭ ቆሞ ቆይቶ ምግብ ሲነሣ ብቻ እንደሚጠራ ጎረቤት ነው ወይ የምትገባው? ወይ ሙሉ ምእመን ናት፣ ወይ አይደለችም። አይደለችም የሚል ካለ ደፍሮ ይናገር። በ80 ቀኗ ያጠመቋት ካህን ምን እንደሚመልሱለት ለማየት እጓጓለሁ።

ሰባት ዓመት የምትለው ቁጥርም ከየት እንደተገኘች እጠረጥራለሁ። በተለምዶ ልጅን ጾም የምናስጀምረው ከሰባት ዓመቱ ነው። ለልጅ ጉልበት ታዝኖ የተቀመጠ ዕድሜ ነው። እሱን አንሥቶ ልጅን ከቤተ መቅደስ ማስወጫ ማድረግ ግን ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ለማርያምን እናከብራለን። በዓሉ ምንድን ነው? እመቤታችን በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ የገባችበት ነው። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ያዳነበት በዓል ነው። ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍለ ከተማ ሳይቀር በስሙ ይጠራል። ለሰማዕትነት ያላነሰ ዕድሜ ለቅዳሴ አነሰ ማለት ነው። በማስታወቂያው መሠረት ቂርቆስ ዛሬ ቢመጣ ከነእናቱ አዳራሽ ነው የሚገባው። ስክሪኑ ይከፈትለታል።

ጌታ ራሱ በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ተወስዷል። አረጋዊው ስምዖን ታቅፎት አመሰገነ እንጂ «ሕፃኑ ይረብሻል» አላለም። ሆሳዕና ጊዜም በቤተ መቅደስ ውስጥ የጮኹት ልጆች ነበሩ። ማቴዎስ 21ን አንብቡ። በልጆቹ ጩኸት የተቆጡት እነማን እንደነበሩም ተጽፏል። የካህናት አለቆችና ጻፎች ናቸው። ማርቆስ 10 ላይ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ልጆች ያመጡትን ሰዎች ገሠጹ፤ ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ተቆጣ። ማስታወቂያውን የፈረሙት ሰዎች ከየትኛው ወገን መቆም እንደፈለጉ እነሱ ይንገሩን።

ረብሻ ወደተባለው ልለፍ። ሲጀመር ስለ ድምፅ የሚያወራው ማን ነው? የድምፅ ማጉያችን ሦስት ሰፈር አቋርጦ ይሰማል። ከውስጥ የአንድ ሕፃን «አባዬ ሽንት» ግን ጸሎት አፈረሰ! ባለፈው ሰሞን ወንጌል እየተነበበ የአንድ ጎልማሳ ስልክ ጮኸ። ከነዘፈኑ። ሰውየው ኪሱን ሲያገላብጥ ቆይቶ በመጨረሻ አነሣውና «ቅዳሴ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» አለ። ስለሱ የተለጠፈ ወረቀት አላየሁም። ግድግዳ ተደግፈው ስለ ቤት ኪራይ የሚያወሩትንም ወደ አዳራሽ የላካቸው የለም። አዋቂ ስለሆኑ ይከበራሉ። ልጅ ግን መከራከሪያ አፍ የለውም።

አዎ፣ ልጅ አምርሮ ሲያለቅስ ይዞ መውጣት ተገቢ ነው። እኔም እወጣለሁ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አዞረዋለሁ፤ ሲበርድለት እመለሳለሁ። ይህን ማስታወቂያ አያስተምረኝም። አንዴ እንዲያውም አንዲት ባልቴት «ና ስጠኝ ልጄ፣ አንተ ግባና ጸልይ» ብለው ትንሹን ተቀበሉኝ። እስክመለስ ነጠላቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። ድሮም በዚህ መንገድ ነበር የሚፈታው። ማኅተም አላስፈለገም።

ሌላው ያበገነኝ «እናቶች» የምትለዋ ነች። አባቶችስ? ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ብዙ እሑድ ተረኛ ናት። ሁለቱን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ገና ሳይነጋ ተነሥቼ አንዷን አለብሳለሁ፤ አንዱ የለበሰውን ያወልቃል። ትልቋ ቁርስ ስለማትቀምስ መንገድ ላይ «መቼ ነው የምንበላው» እያለች ትነዘንዘኛለች። በር ላይ ስድስት ጫማ አወልቃለሁ። ስንወጣ አምስቱን አገኛለሁ፤ አንዷ ሁልጊዜ ሰው እግር ሥር ሄዳ ትፈለጋለች። ከዚያ በወንዶቹ በኩል አንዱን አቅፌ አንዷን ይዤ እቆማለሁ። ነጠላዬ እንደሆነ ስንገባ ብቻ ነው ነጭ የሚሆነው። ይህ ሁሉ አልፎ አንድ ሽማግሌ ዞር ይሉና «እናታቸው የት ሄደች?» ይሉኛል። አባት ልጅ ይዞ ሲያስቀድስ ማየት እንደ ጉድ ነው። ማስታወቂያውን ያረቀቁትም አንድም ጊዜ ልጅ ይዘው ቆመው አያውቁም ብዬ ብናገር አልሳሳትም። ቆመው ቢያውቁ ኖሮ ልጅ ያለው ሰው ማስቀደሱን እንዲተው የሚያደርገው አንዲት ክፉ ዓይን እንደሆነች ያውቁ ነበር። እነሱ ዓይኗን ወረቀት ላይ አሰፈሯት።

ስክሪኑንማ ተዉት። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ የምታገለው ከስክሪን ጋር ነው። ስልክ እደብቃለሁ፤ ሪሞት ቁም ሣጥን ላይ እሰቅላለሁ። እሑድ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ልጆቼን ወስዳ ስክሪን ፊት ልታስቀምጥልኝ ነው! የአምስት ዓመት ልጅ ስክሪን ስታይ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው። «ካርቱን የለም?»

ነገ የሚመጣውን ደግሞ አሁን ልንገራችሁ። ዛሬ አዳራሽ የተላከ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ማንም ሳያስወጣው ራሱ ይቀራል። ጥናት አምጣ ብትሉኝ የለኝም። የሰፈሬን ወጣቶች አይቼ ነው የምናገረው። ቅዳሴ የለመደ ጆሮ ይናፍቀዋል፤ ያልለመደ ጆሮ ይሰለቸዋል። ከዚያ «ወጣቱ ወዴት ሄደ?» ብለን ጉባኤ እንጠራለን፣ አበል እንከፍላለን፣ ባነር እናሠራለን። የት እንደሄደማ እናውቃለን። እኛው ነን በሩን ያሳየነው።

አዳራሹ ይፍረስ አላልኩም። የምታጠባ እናት ትረፍበት፤ ዳይፐር ይቀየርበት፤ ሲዘንብ ሕፃን ይጠለልበት። ሲፈልጉ የሚገቡበት፣ ሲፈልጉ የሚወጡበት ይሁን። ማስታወቂያው ግን ይነሣ፤ ሰባኪውም የተናገረውን ዐውደ ምሕረቱ ላይ ያስተካክል። እኔና ሌሎች አባቶች ለሰበካ ጉባኤው የምናስገባውን አቤቱታ ጽፈን ጨርሰናል። መፈረም የምትፈልጉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ፈልጉኝ። አንዱን አዝሎ የሌላዋን ጫማ የሚፈልገው ሰውዬ እኔ ነኝ።