የግልገል የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

በመካከለኛው ዌልስ፣ ፖዊስ በሚባለው ኮረብታማ ግዛት፣ በአንድ አነስተኛ የበግ እርባታ ውስጥ የወሊዱን ወቅት እየረዳሁ ካሳለፍኩ ወዲህ አንድ ቁጭት ከውስጤ አልወጣ ብሏል። እኛ በመንዝ ደጋ ግልገል በተወለደ በማግስቱ ሲሞት «ዕድሉ ነው» ብለን የምናልፈው ሞት፣ እዚህ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሚታወቅና መላ ያለው ነገር ነው። መላው ውድ ቢሆን ኖሮ ባልተቆጨሁ ነበር። ቴርሞሜትር፣ አዮዲን፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦና ጥቂት ድርቆሽ ነው፤ ሌላው ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

አንድ ሌሊት መንታ የወለደች በግ የመጀመሪያውን እየላሰች ሁለተኛውን ረስታው ደረስን። አዛውንቷ የእርባታው ባለቤት ጣታቸውን ወደ ግልገሉ አፍ አስገቡ፤ የአፉ ቅዝቃዜ የመጀመሪያው ምልክት ነውና። ቀጥለው በቴርሞሜትር ለኩት። ጤነኛ ግልገል ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሲኖረው፣ ይህኛው ከ38 በታች ወርዶ ነበር። በፎጣ አሽተው አደረቁትና የእናቱን እንገር በእጃቸው አለቡ፤ ቱቦውንም ከአፉ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንቱ ድረስ በውጭ ለክተው፣ ቀስ እያሉ በጉሮሮው ወደ ጨጓራው አወረዱና ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር ሒሳብ እንገሩን ሰጡት። እትብቱን አዮዲን ውስጥ ነከሩ፤ እናቲቱንና ሁለቱን ልጆቿን ገለባ በተነጠፈበት ጠባብ ጋጣ ለብቻቸው ዘጉባቸው። ይህ ሁሉ የተደረገው ያለ ሐኪምና ያለ ጩኸት ነው። ሊነጋጋ ሲል ግልገሉ ቆሞ ጡት ይፈልግ ነበር።

እንገሩ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸኩል የገባኝም ያን ጊዜ ነው። ግልገል ከእናቱ ማሕፀን በሽታ የሚከላከል ኃይል ይዞ አይወጣም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው። አንጀቱ ደግሞ ያንን ኃይል ወደ ደሙ የሚያስገባው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት በቂ እንገር ያላገኘ ግልገል ከሳምንት በኋላ በተቅማጥ ወይም በሳል ቢሞት፣ ሞቱ የተጀመረው በተወለደበት ዕለት ነው። እንገርን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከላሟ አልበን፣ አፍልተን ስንበላው የኖርን ሰዎች ነን። ለግልገሉ ግን በሰዓት ቆጥረን አናደርስለትም።

ከሌሊቱ ሥራ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ከአምስት ወር በፊት የተሠራው ነው። በግ የምታረግዘው 147 ቀን ያህል ስለሆነ፣ አውራውን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 5 የለቀቀ ሰው የመጀመሪያውን ግልገል በኤፕሪል 1፣ ሣሩ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ይጠብቃል። በአውራው ደረት ላይ ቀለም ይታሰራል፤ የተገናኛት በግ ጀርባዋ ላይ ምልክት ይቀራል፤ በግ በየ17 ቀኑ ገደማ አውራ ስለምትፈልግ ቀለሙ እየተለወጠ ማን መቼ እንደምትወልድ ይታወቃል። በእርግዝናው አጋማሽ በአልትራሳውንድ ታይተው ነጠላ፣ መንታና ሦስት የያዙት ይለያያሉ፤ መኗቸውም በዚያው ልክ ይመደባል። ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ስለሆነ፣ ያኔ የተራበች እናት የምትወልደው ደካማ ልጅ ነው፤ እንገሯም ያንሳል።

እኛ ዘንድ አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ይውላል። ከምድር ወገብ ስለማንርቅ በጎቻችን እንደ ዌልስ በጎች የቀኑን ማጠር ጠብቀው አይፀንሱም፤ በየትኛውም ወር ይወልዳሉ። በረከት ይመስላል፤ ነገር ግን በየካቲትና በመጋቢት፣ ሜዳው ሲነጣ፣ አጥንቷ የወጣ እናት ጡቷ ደርቆ ትወልዳለች ማለት ነው። እረኛው ልጅ ግልገሉን በጋቢው አቅፎ ማታ ቤት ያደርሳል፤ የእረኛው እናት ከምድጃው ዳር ታስተኛዋለች። ፍቅር አልጎደለም፤ በጎቹን በመልካቸው ለይቶ ከእነርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ገበሬ ግድየለሽ ነው የሚለኝን አልሰማም። በወል ግጦሽ ላይ የጎረቤት አውራ እየገባ አንድ ገበሬ ብቻውን ምን ቀን ሊቆርጥ ይችላል?

የዌልሱ ገበሬ የመንግሥት ድጎማና ስልክ ሲደወልለት የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም አለው፤ ያም ሆኖ በዝናብና በብርድ ግልገል ይሞትበታል። ይህን አልዘነጋሁም። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ወላድ በጎች እንዳትጠጋ በየዓመቱ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል? በጎችን የሚያስጨነግፉ አንዳንድ በሽታዎች ሴቲቱንም ሊያስወርዷት ይችላሉ። እኛ ጋ የእንግዴ ልጁን በባዶ እጇ አንሥታ የምትጥለው ብዙ ጊዜ ያቺው ነፍሰ ጡር ናት፤ የነገራት ሰው ግን የለም።

የሚያበሳጨኝ የተማርነው ሰዎች ወሬ ነው። ስለ በግ ስንነጋገር የምናነሣው ዝርያን ነው፦ ከእስራኤል ስለመጣው አዋሲ፣ ከደቡብ አፍሪካ ስለመጣው ዶርፐር፣ በደብረ ብርሃን ስለሚደረገው ማዳቀል። ዝርያ ማሻሻል አያስፈልግም አልልም። ግን ግማሽ አዋሲ የሆነ ግልገልም እንገር ካላገኘ እንደ መንዙ ግልገል ይሞታል፤ እንዲያውም ትልቅ አካል ይዞ የተወለደው ብዙ መኖ የምትሻ እናት ይፈልጋል።

ተስፋዬን ያልቆረጥኩት መንዝ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ እርባታ ምክንያት ነው። ቀድሞ ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ዘር ሳይተው ለገበያ ይወጣ ነበር። ኢካርዳና ኢልሪ በተባሉት ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ተቋማትና በአገር ውስጥ ተመራማሪዎች አጋዥነት የተደራጁት ገበሬዎች ግን ምርጡን አውራ ከራሳቸው መንጋ መርጠው በጋራ ይጠቀሙበታል። በአውራው ላይ በጋራ መወሰን የቻለ መንደር በቀኑም ላይ መወሰን ይችላል። በኬንያና በታንዛኒያ የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ማሳዮች ግልገል በማይፈልጉበት ወራት ከአውራው ሆድ ሥር የቆዳ ሽርጥ ያስራሉ፤ አውራው ከመንጋው ጋር እየዋለ አይገናኝም። ቆዳ መስፋት ለመንዝ ሰው አይቸግረውም።

ሽርጡ በሚያዝያ አጋማሽ ቢፈታ ግልገሎቹ ከመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ይወለዳሉ፤ እናቶቻቸው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በክረምቱ ለምለም ሣር ያሳልፋሉ፤ ወተታቸውም ሜዳው ገና ሳይደርቅ ይመጣል። የክረምቱ ጭቃና ብርድ የራሱ ጣጣ አለው፤ ደረቅ ጋጣ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ግን ወላዶቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚሰበሰቡ፣ የግብርና ባለሙያው አዮዲኑን፣ ቱቦውንና ቴርሞሜትሩን ይዞ መንደሩን በዚያ ሰሞን ብቻ ቢመላለስ ይበቃል። እኔ ዌልስ ያየሁት ሥራ በአንዲት ሌሊት የሚለመድ ነው፤ ከመንዝ መንደሮች አንዱ በመጪው ሚያዝያ ቢጀምረው ቴርሞሜትሩንና ቱቦውን ገዝተን ለመላክ እዚህ ያለን ሰዎች አናንስም።