ለማጠናከር ያህል

ባለፈው እሁድ ሰባት ሰው በየተራ እጁን እያወጣ «የተነሳውን ሐሳብ ለማጠናከር ያህል ነው» አለ። ሰባት። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝና ቁጥሩን አትጠራጠሩ። የተነሳው ሐሳብ ደግሞ ምን መሰላችሁ? «ቲሸርቱ ነጭ ይሁን።» በቃ፣ ይኸው ነው። ሐሳብ ነው ወይስ የዘመመ አጥር፣ በሰባት ባላ የሚደገፈው?

አንደኛው ነጭ የሰላም ምልክት ነው አለ። ሁለተኛው ነጭ የሰላም ምልክት መሆኑን አጠናከረ። ሦስተኛው «ከእኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰውታል» ብሎ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። አራተኛው ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል ሲል ልቤ ነቃ፤ ጎሽ፣ ተቃውሞ መጣ ብዬ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። «ስለዚህ ለቅያሪ ሁለት ሁለት ይታተምልን» ብሎ ተቀመጠ። የቀሩትን ሦስቱን ተዉኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተጠናክሯል፣ ተጠናክሯል፣ ተጠናክሯል» ብዬ ነው ያለፍኳቸው፤ እጄም ዝሎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዲት ትንሽ ፓርቲ አባል ነኝ። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራትም አታውቋትም። አንድ የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ አንተ እኮ የተማርክ ሰው ነህ፣ ብቅ በል» አለኝ። ውዳሴ ላይ ደካማ ነኝና ብቅ አልኩ። የተማረ ሰው ተብዬ የሄድኩ ቀን ነው የቃለ ጉባኤ መዝገብ እጄ ላይ የወደቀው፤ እስካሁን የሚቀበለኝ ጠፍቷል። ሕጉ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመሆን 10 ሺህ፣ ክልላዊ ለመሆን 4 ሺህ መሥራች አባል ይጠይቃል። እነዚያ ሺዎች የት እንዳሉ እንጃ፣ እሁድ የተገኘነው 14 ነን። ሰባቱ አጠናካሪ፣ አንዱ ሐሳብ አቅራቢ፣ አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ እኔ፣ አራቱ እንቅልፍ ላይ። ለ3 ሰዓት የተጠራው ስብሰባ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረና ሰብሳቢያችን መጀመሪያ «ሰዓት ስለማክበር» ሃያ አምስት ደቂቃ ገሠጸን። የተገሠጽነው በሰዓቱ የመጣነው ነን። ያረፈዱትማ ገና አልደረሱም ነበር።

የስብሰባው ዓላማ ለአካባቢ ምርጫ የቅስቀሳ ዝግጅት ማድረግ ነው። «ምርጫው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ጥያቄ መሆኑ ነው እንግዲህ፣ ማጠናከሪያ አይደለም። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሰብሳቢው «ቀኑ ሲቆረጥ እንዳንደናገጥ ነው» አሉ። እኔ ለወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ድምፄን የሰጠሁት በሚያዝያ 2005 ነው። የ2010ሩ ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመ። በ2005 ምርጫ ጣቢያው ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመችው ጎረቤቴ ያዘለችው ሕፃን ዛሬ ከእኔ ይረዝማል፤ ጢም ጀምሮታል። ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ግን በሰኔ 14 ቀን 2013 መርጠናል፣ እሱን አልክድም። ሰልፉ ረዝሞ ድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ማታ 3 የተራዘመበት ቀን ነው፤ እግሬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እስካሁን ያስታውሰዋል።

እና ቀን ላልተቆረጠለት ምርጫ ሦስት አጀንዳ ያዝን። አንድ፣ ቲሸርትና ኮፍያ። ሁለት፣ የቅስቀሳ መኪናና ሞንታርቦ። ሦስት፣ ልዩ ልዩ።

አሁን ልብ አድርጉልኝ። የተሰበሰብንበት አዳራሽ በር ላይ ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል አለ። ሌሊት ሰው እንዳይገባበት ይመስላል አንድ ደግ ሰው የኮባ ቅጠል ያለበት እንጨት ሰክቶበታል፤ እሱም ደርቋል፤ ክዳኑ ከጠፋ መክረሙን ከዚያ አወቅኩ። 14ታችንም፣ ሰብሳቢው ከነከዘራቸው፣ ያንን ጉድጓድ ዘለን ነው የገባነው። ዘለን ገብተን ስለ ቲሸርት ቀለም ተወያየን። አንድ ወጣት፣ እግዜር ይስጠው፣ «ሕዝቡ ጋ ስንሄድ ስለዚህ ጉድጓድ ብናወራስ?» አለ። «እሱ ልዩ ልዩ ላይ ይነሳል» ተባለ። ልዩ ልዩ ላይ ስንደርስ 7 ሰዓት ሆኖ ሁሉም ምሳ ምሳ ይለው ነበር። ጉድጓዱን ዘለን ወጣን። እዚህ ላይ በእውነት ተናድጃለሁ። ለአካባቢ ምክር ቤት እኮ ነው የምንወዳደረው! ለውጭ ጉዳይ አይደለም፣ ለጠፈር ምርምር አይደለም። የአካባቢ ምክር ቤት ማለት ማንሆል ነው፤ የመንገድ መብራት ነው፤ ለአንድ ካርታ አራት ጊዜ «ነገ ና» የሚባልበት መስኮት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

አያቴ ብትኖር «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ትል ነበር። ይህን ተረት እንዴት እንደምወደው! ዳዊቱን ሳይደግም፣ ዜማውን ሳያውቅ፣ ነጩን ሻሽ ብቻ ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ ቄስ ነኝ ለሚል የተባለ ነው። አያቴ ግን ለሁሉም ታውለው ነበር። ወጥ መሥራት ሳትችል የሚያምር ሽርጥ ለገዛች፣ በሬ ሳይኖረው ጅራፍ ለገመደ፣ ለእኔም ደብተሬን በቀለም ወረቀት ለብጬ ውስጡን ባዶ ለተውኩት። ይኸው የእኛ ፓርቲ ደግሞ ጥምጣሙ ነጭ እንዲሆን በሰባት ሰው አጠናከረ። ትምህርቱ ልዩ ልዩ ላይ ነው።

ቲሸርት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ምልክት ኃይል አለው። በ1997 ምርጫ ሁለት ጣት ማውጣት ብቻ ምን ያህል እንደሚያስጮህ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቃል። ገዢው ኢሕአዴግ ጋ ንብ ነበረች፣ ተቃዋሚው ቅንጅት ጋ ሁለት ጣት። ጣት ደግሞ ማሳተሚያ አይጠይቅም፣ ሁሉም ሰው ይዞት ነው የሚመጣው። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ሞላው። በሁለቱም ቀን የተገኙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ አንዱን ግን በየቀኑ ስላጭ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ። ከዚያ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ወሰደ። ከተማዋን ግን ሳይረከብ ቀረ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው፣ ቁስል ነው። በ2005 ደግሞ ኢሕአዴግ 138ቱንም። ይህቺ ከተማ በችርቻሮ አታውቅም፣ በጅምላ ነው። እርግጥ በ2005 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ወጥተው ነበርና ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል?

1997ን ካነሳሁ መሰላሌን ማንሳቴ አይቀርም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ስለ ምርጫ ሳወራ ሁሌ እዚህ ነው የምወድቀው።

የብረት መሰላል ነበረኝ። ባለ ዘጠኝ እርከን፣ በያጅ ቤት ቆሜ ያሠራሁት፣ አረንጓዴ ቀለም የቀባሁት። ሦስተኛው እርከን ሲበየድ ትንሽ ተጣሞ ነበር፤ በያጁን «ይሄ ምንድነው?» ብለው «ጋሼ፣ እሱ እግር እንዳያዳልጥ ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ያን ሚያዝያ አንድ የሰፈራችን ሰው መጣ። ፖስተር ከፍ አድርገው ካልለጠፉት ሌሊት ይገነጠላል፣ ለሁለት ቀን አውሰኝ አለኝ። «ለለውጥ ነው» አለ። ሰጠሁት። ለውጡን እንጃ፣ መሰላሉ ግን ባለቤት ለወጠ። ስጠይቀው መጀመሪያ «ነገ»፣ ቀጥሎ «ወንድሜ ጋ ነው»፣ ቀጥሎ «የምን መሰላል?» አለኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤቴ ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበር ላይ እኔ። ባለቤቴ ደግሞ ከታች ሆና «ለለውጥ ነው» ትለኛለች።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ያ ሰው አሁን የእኛ ፓርቲ አባል ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፓርቲ ቀያይሮ እኛ ጋ ደርሷል። እሁድ ነጭ የሰላም ምልክት መሆኑን ያጠናከረው ሁለተኛው ሰው እሱ ነው።

ወደ ሞንታርቦው ልመለስ። እሱ ላይ እንኳ ቶሎ ተስማማን፤ ገንዘብ ስለሌለን። ነገር ግን ሞንታርቦ ሲነሳ የምርጫ ሕጉ ላይ የምወዳት አንዲት ነገር ትዝ አለችኝ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፣ መቀስቀስ የለም። አራት ቀን ዝም! እንዴት ያለ ብልህ ሰው ነው ያሰባት? ለስብሰባም ቢታወጅልን ምን ነበረበት? ሐሳብ ይቀርባል፣ ከዚያ የአራት ቀን ጥሞና፣ ከዚያ እጅ ማውጣት፣ ከዚያ ቤት። «ለማጠናከር ያህል» የሚል ሰው ቢያንስ አራት ቀን ይዞት ያድራል፤ ምናልባት ይተወዋል። ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ ብዬ ተነስቼ ነበር። ከዚያ እንደሚያጠናክሩልኝ ሳስበው ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «የፖስተር ለጣፊ ንዑስ ኮሚቴም ይቋቋም» አሉ። ተቋቋመ። ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ ተመረጠለት፤ የሚለጥፍ ሰው አልተመረጠለትም። «እንግዲህ መሰላል ያስፈልጋል» አሉ ቀጥለው። «መሰላል ያለው አባል አለ?»

ዝም ተባለ። እኔም ጎንበስ ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ።

«እኔ ጋ አለ» አለ አንድ ድምፅ። ሳላያቸው የማውቃቸው ድምፆች አሉ። «ጠንካራ ነው፣ የብረት ነው። ሦስተኛው እርከኑ ብቻ ትንሽ ጠማማ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የተኙት አራቱም ነቅተው አጨበጨቡ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «የተነሳውን ሐሳብ ለማጠናከር ያህል ነው፣ መሰላሉን እኔም አምና ከእሳቸው ተውሼ አውቀዋለሁ፤ በጣም ጥሩ መሰላል ነው» አለ።

«ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልን» አሉ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው።

ያዝኩት። «መሰላል፣ አንድ፣ አረንጓዴ፣ በአባል በጎ ፈቃድ የተሰጠ።» አረንጓዴ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።