ለተለቀ ፕሮስቴት የዕፅዋት መድኃኒት ያዋጣል?

ዕድሜ ሲገፋ የብዙ ወንዶች ፕሮስቴት ዕጢ ይተልቅና የሽንት መውጫውን ይጫናል። የዕፅዋት መድኃኒት ይህን ያክማል ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች አልተስማሙም።

ደጋፊ፦ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ የሚያድር ሰው የሚፈልገው እንቅልፍ ነው። ጥቁር እንጨት የተባለው ዛፍ ቅርፊት እዚህ ላይ ይረዳል። በ1,562 ወንዶች ላይ የተካሄዱ 18 ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ የሌሊቱ ምልልስ በ19 በመቶ ቀንሷል። የሽንት አወራረድም በ23 በመቶ ፈጥኗል። የሐኪሙ ኪኒን ይሻላል እንዳይሉኝ ብቻ! ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙት ኪኒኖች ታምሱሎሲን ከመቀመጫ ሲነሱ ሊያዞር ይችላል። ፊናስተራይድ የወሲብ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል። ይህን ለሐኪሙ ደፍሮ የሚናገር ስንት ወንድ አለ?

ተቃዋሚ፦ ቁጥሩን አልክድም። ግን ጥናቶቹ በአማካይ የቆዩት 64 ቀን ነው፤ ረጅሙም 122 ቀን። ሕመሙ ደግሞ የዓመታት ነው። ሶው ፓልሜቶ የተባለው የዘንባባ ፍሬም በትንንሽ ጥናቶች ሲወደስ ነበር። በ2006 በወጣ ጥናት በ225 ወንዶች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞከረ። መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ኪኒን አልተሻለም። መጠኑ አንሶ ይሆናል ተባለ። በ2011 የወጣው ጥናት መጠኑን እስከ ሦስት እጥፍ አሳደገው። ወፍ የለም! የሚገርመው፣ ማስመሰያውን የዋጡትም ምልክታቸው ቀለል ብሎላቸው ነበር።

ደጋፊ፦ ታዲያ የዘንባባው ውድቀት በጥቁር እንጨቱ ላይ ለምን ይቆጠራል? መድኃኒቱ ከተክሉ የሚወጣበት መንገድም ይለያያል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ከሶው ፓልሜቶ ለዚህ ሕመም በቂ ማስረጃ አለው ያለው ሄክሳን በተባለ ማሟሚያ ፈሳሽ የወጣውን ነው።

ተቃዋሚ፦ እኔስ ምን አልኩ? ጠርሙሱ ላይ «ከዕፅዋት» ብቻ ከተጻፈ በምን እንደወጣ፣ ምን ያህል እንደያዘ በምን ይታወቃል? ዋናው ስጋቴ ግን ሌላ ነው። ፊናስተራይድ ዕጢውን ያሳንሳል፤ ሽንት ጭራሽ የመዘጋቱን አደጋም ይቀንሳል። ዕፅዋቱ ይህን እንደሚያደርጉ አልተረጋገጠም። ሰውየው ተሻለኝ እያለ ፊኛው በደንብ ሳይጸዳ ቢቀር ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። (ዛፉስ? ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃል። ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1995 ጀምሮ ቁጥጥር የተደረገበት በከንቱ አይደለም።)

ደጋፊ፦ በዛፉ ልክ ነዎት። ግን ምርመራ ይቅር ያለ ማን ነው? ካንሰር አለመኖሩ ይታይ፤ ፊኛ ውስጥ የሚቀረው ሽንት ይለካ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ቀላል የሆነ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ጥቂት ወር ቢሞክረውስ?

ተቃዋሚ፦ ይሞክር። ግን የማቆሚያው ቀን ከወዲሁ ይጻፍ፤ ሽንቱም በዚያው ቀን እንደገና ይለካ።