ፋይላችን ደመና ላይ ነው

መሥሪያ ቤቶቻችን አልዘመኑም የሚል ሰው ደብዳቤያቸውን አይቶ አያውቅም። እስቲ አንዱን አንሱና እዩት። ከላይ አርማ፣ ከታች ቲተር፣ ቲተሩ ላይ ያ ወይን ጠጅ ክብ ማኅተም። ግርጌው ላይ ደግሞ ኢሜይል፤ መጨረሻው ጂሜይል ነው፤ የአሜሪካው ጉግል በነፃ የሚያድለው። ሌላው መረጃ ለሚያስቀምጥበት ኮምፒውተር፣ ለሰርቨር፣ ቤት ይሠራል፣ ጄኔሬተር ይገዛል፣ ዘበኛ ይቀጥራል። የእኛዎቹ በነፃ የተሰጠቻቸውን 15 ጊጋባይት ተቀብለው የሕዝቡን ጉዳይ ባሕር ማዶ አሳደሩት። ቁጠባ ይሏል ይሄ ነው!

ፋይሉ ያደረበት ክላውድ ደመና ነው ቢባልም ሰማይ ላይ የለም። የሆነ ሰው ግቢ ውስጥ የቆመ ኮምፒውተር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ክላውድ አክት የሚባል ሕግ አውጥታለች። የአሜሪካ ኩባንያ የያዘው መረጃ የትም አገር ይቀመጥ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ ማቅረብ አለበት። ታዲያ ምን ክፋት አለው? እዚህ መዝገብ ቤት "ፋይሉ ጠፍቷል" ሲለን፣ ቢያንስ እዚያ የሚያገኘው ሰው አለ።

እኛም ሕግ አላጣንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እኔ ያገኘሁት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው፤ ከማላውቀው ሰው የመታወቂያ ፎቶ ሥር።

በቀደም አንድ ቢሮ ሄድኩ። ማመልከቻዬን በኢሜይል ልኬ ነበር። ጸሐፊዋ ነካ ነካ አደረገችና "እምቢ አለ፤ ኮድ ይላል" አለችኝ። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው። ለካ የቢሮውን ኢሜይል የከፈተው የድሮው ሠራተኛ ነው፤ በራሱ ስልክ ቁጥር። ልጁ ዱባይ ገብቷል። ሲም ካርዱን ለእናቱ ትቶላቸዋል።

ኃላፊው ራሳቸው ደወሉ። እንዲህ ያለ ትሕትና የት ይገኛል?

"እማማ፣ እንዴት አደሩ? አሁን መልእክት ገባልዎት?"

"ገብቷል መሰለኝ ልጄ፤ መነጽሬን ልፈልግ።"

ቢሮው በሙሉ ጸጥ አለ። እኔም ትንፋሼን ዋጥኩ። መነጽሩ ሲገኝ ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። ሁለተኛው ሲላክ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተዋል፤ ስልኩ ቤት ቀርቷል።

ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ ሸኘችኝ።

"ሰኞ ይመለሱ። እስከዚያው ማመልከቻውን ሦስት ኮፒ አድርገው ይዘው ይምጡ፤ ለማንኛውም።"