ጅቡ ሲሄድ ለምን ተኛን?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ሰሞኑን የድሮ ጃኬቴን ኪስ ስፈትሽ የተጨማደደ ማስክ አገኘሁ። አንዱ ላስቲክ ተበጥሷል። ያ ጊዜ መጣብኝ፦ ቀብር ላይ ራቅ ብሎ መቆም፣ ኦክስጅን ፍለጋ መሯሯጥ፣ ማታ ማታ የሟቾችን ቁጥር መስማት። ያኔ መንግሥትን «ለምን አልተዘጋጃችሁም?» ብሎ ያልጮኸ ማን ነበር? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የኮቪድ አስቸኳይ ጊዜ አብቅቷል አለ። የእኛም ጥያቄ አብሮ አበቃ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛ ይብሳል፤ ጅቡ ሲመጣ ጮኽን፣ ሲሄድ ተኛን። መንገድ ሲቆረጥ ወዲያው እናያለን። የበሽታ ቅኝት ባለሙያ፣ ማለትም ወረርሽኝ ሲነሳ ቀድሞ የሚያየው ሰው፣ ሲቀነስ ግን ማን ልብ ይላል? ሥራው የሚታወቀው ሲጎድል ነው። ከበሽታ የተረፈ ሰው መትረፉን እንኳ አያውቅም።

ሌጎስን እዩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 ኢቦላ የያዘው መንገደኛ በአውሮፕላን ገባ። ከተማዋ ሚሊዮኖች የሚጋፉባት ናት። ብዙው ሰው አለቀላት ብሎ ነበር። ናይጄሪያ ግን ለፖሊዮ ብላ ቀድማ ያቋቋመችው የአስቸኳይ ጊዜ ማዕከል ነበራት፤ የሠለጠነ፣ ቤት ለቤት መዞር የለመደ ሰው ነበራት። ያንኑ ወደ ኢቦላ አዞረችው። ንክኪ የነበራቸውን 900 የሚጠጉ ሰዎች አንድ በአንድ ለቅመው፣ 21 ቀን በር እያንኳኩ ተከታተሏቸው። ጉብኝቱ ከ18,000 በላይ ነበር። በመጨረሻ 20 ሰው ታመመ፣ 8 ሞተ። በዚያው ወረርሽኝ ጊኒ፣ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ከ11,000 በላይ ሰው ቀበሩ።

ያ ማዕከል «ፖሊዮ እየጠፋ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ተዘግቶ ቢሆንስ?

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ሜርስ በሚባል፣ የኮቪድ ዘመድ በሆነ የመተንፈሻ በሽታ 38 ሰው ሞተባት። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቁጣውም አልበረደም፣ ሕግ አስቀየረ። ኮቪድ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መመርመሪያ ኪት ማውጣት የቻለችው ለዚያ ነው።

እኛስ? ድምፃችሁን ሊለምን የሚመጣውን ሰው ጠይቁት እንጂ! የመመርመሪያ ክምችቱ ጊዜው የሚያልፈው መቼ ነው? ኦክስጅን ማምረቻው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ያኔ ንክኪ ሲከታተሉ የነበሩት ልጆች አሁን የት ናቸው? «እናየዋለን» ካላችሁ አትልቀቁት። በሚቀጥለው ስብሰባም ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ተነሱ።