እድሩ የተኛውንም ይይ

ጎንደሬዎች፣ አካሄዳችን ልክ አይደለም። ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የዋሉ እናትና አባቶቻችንን ደም ግፊት ለማስለካት፣ የአልጋ ቁስል ለማሳጠብ ብለን በባጃጅ እያንገጫገጭን እናመላልሳለን። ካርድ ክፍል ሰልፍ ይጠብቃቸዋል። ቤት ሲደርሱ ከሄዱበት ብሶባቸው ነው።

ገና አሁን ስትሮክ የመታው ወይም ደረቱን ያፈነው ሰው ባስቸኳይ ሆስፒታል ይሂድ። እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የምለው አልጋ ይዞ ለቀረው ባለሙያው ራሱ ቤቱ ድረስ ይምጣለት ነው።

ይህ ነገር ደግሞ ለእኛ ከተማ እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ እዚህ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው፣ በቡድን ነበር የሚሠለጥኑት። ትምህርታቸው ሕዝቡ ወዳለበት ወርዶ መሥራት ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ብለን የምንኮራበት ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ሐኪሙ ወደ በሽተኛው ቤት መሄዱ በሌላውም ዓለም ቀርቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ከ10 የሐኪም ምርመራ 4ቱ በበሽተኛው ቤት ይካሄድ ነበር፤ በ1980 ከ100 አንዱ እንኳ አልሞላም። ላቦራቶሪውና ራጁ ሆስፒታል ስለገቡ ሐኪሙም ተከትሏቸው ገባ። አሁን ግን የስኳር መለኪያው፣ የኦክሲጅን መለኪያው፣ አልትራሳውንዱ ሳይቀር ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሐኪሞቹ እንደገና በሽተኛው ቤት መሄድ ጀምረዋል።

እኛስ? የጤና ኤክስቴንሽን ነርሷ በፀሐይ ዳገቱን ወጥታ በር ስታንኳኳ ልጅ ልከን "ሰው የለም" እናስብላለን። እንዲህ ያለ ነውር ከየት አመጣን? ጓዳ ውስጥ አያት ተኝተዋል እኮ!

እድራችንንም ተመልከቱት። ሰው ሲሞት አንታማም፤ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ይህ መልካም ነው፣ አይቅርብን። ግን ያው ሰው በቁሙ ሁለት ዓመት ሲተኛ እድሩ ምን አደረገለት? ምንም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አንሡ። አዘዞም ሆናችሁ ማራኪ፣ አራዳም ሆናችሁ ቁስቋም። በየሰፈሩ ማን አልጋ እንደያዘ ከእድሩ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ስማቸውን ለጤና ጣቢያ ስጡ። ከወር መዋጮው ለባለሙያ መጓጓዣና ለፋሻ የሚሆን ብር ለዩ። ጡረታ የወጡ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ጎረቤቶቻችሁ ናቸው፣ ሄዳችሁ ለምኗቸው። እናንተም ሐኪሞች፣ ሲጠሯችሁ በሳምንት አንድ ከሰዓት አትንፈጓቸው።